ዜግነት በምን ምክንያት ይገፈፋል?

የዛሬው ትምህርት ርእስ አንድ መንግሥት የአንድን ሰው ዜግነት ሊያነሣ የሚችልባቸው ሕጋዊ ምክንያቶች ናቸው። ዜጋ የሆነ ሰው ፓስፖርት ያወጣል፣ ይመርጣል፣ ይመረጣል፣ የመሬት ይዞታ ይኖረዋል፣ በመንግሥት ሥራ ይቀጠራል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከገዛ ሀገሩ አይባረርም። ዜግነቱ ሲነሣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ደብዳቤ ሊቋረጡ ይችላሉ። ስለዚህ መንግሥት ይህን ሥልጣን ከየት ያገኛል፣ መቼ ይሠራበታል፣ ሰውየውስ ለማን አቤት ይላል የሚለው ጥያቄ ለጠበቆች ብቻ የሚተው አይደለም።

ንግግሩ በሦስት ደረጃ ይሄዳል። በመጀመሪያ በብዙ ሀገሮች ሕግ ውስጥ የሚገኙት ሦስት ምክንያቶች ይታያሉ፤ በማታለል የተገኘ ዜግነት፣ የሌላ ሀገር ዜግነት መያዝ፣ ታማኝነትን ማጉደል ወይም የሀገርን ደኅንነት አደጋ ላይ መጣል። ቀጥሎ ምክንያቱ በግለሰብ ላይ መሆኑ ቀርቶ በአንድ ወገን ላይ በጅምላ ሲሠራ ምን እንደሚደርስ ይብራራል፤ ምሳሌው ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በተካሄደው ጦርነት ጊዜ የሆነው ነው። በመጨረሻም ስለ ማስረጃ፣ ስለ ይግባኝና ስለ ዜግነት መመለስ ይነገራል። በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው አሳብ አንድ ነው። በሕግ የተጻፈው ምክንያት የቱንም ያህል የተገባ ቢመስል፣ ሰውየው ከውሳኔው በፊት ካልተሰማና ውሳኔውን ገለልተኛ ዳኛ ካላየው፣ ዜግነቱ የተነሣው በሕግ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ወደ ምክንያቶቹ ከመግባት በፊት ዜግነት የሚቀርባቸውን መንገዶች መለየት ይጠቅማል። አንደኛው ሰው በገዛ ፈቃዱ ዜግነቱን እንደሚተው ለመንግሥት ማሳወቁ ነው። ሁለተኛው ሕጉ ያስቀመጠው ሁኔታ ሲሟላ ማንም ሳይወስን ዜግነቱ በራሱ መቅረቱ ነው። ሦስተኛው አንድ ሚኒስትር ወይም ፍርድ ቤት በውሳኔ ሲያነሣው ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ሦስተኛውን ነው፤ ብዙ ሰው የሚነካው ግን ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ዜግነቱ መቅረቱን ባለቤቱ የሚያውቀው ፓስፖርት ሊያሳድስ ሲሄድ ሊሆን ይችላል። ዓለም አቀፉ ሕግ ለሦስቱም ወሰን ሊያበጅ ሞክሯል። በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁሉን አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 15 ማንም ሰው ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለውና በዘፈቀደ እንደማይገፈፍ ይደነግጋል። ሀገር አልባነትን ለመቀነስ በ1961 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ስምምነት ደግሞ ዜግነቱ ሲነሣ ሀገር አልባ የሚሆን ሰው ዜግነት እንዳይነሣ ይከለክላል፤ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር። ከእነዚህ ልዩ ሁኔታዎች የመጀመሪያው ማታለል ነው።

ማታለልን ምክንያት የሚያደርገው ሕግ መነሻ አሳቡ ቀላል ነው፤ በሐሰት የተገኘ ነገር መጀመሪያውኑ የሰውየው አልነበረም። ስለዚህ ይህ ምክንያት የሚሠራው አመልክቶ ዜግነት ባገኘ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ በትውልድ ዜጋ የሆነ ሰው ዜግነቱን በማመልከቻ ስላላገኘ ዋሽቶ አገኘው አይባልም። በዩናይትድ ስቴትስ ሕግ መንግሥት በሁለት መንገድ ሊሄድ ይችላል። አንደኛው የፍትሐ ብሔር ክስ ሲሆን የይርጋ ጊዜ የለውም፤ ሰውየው ዜጋ ከሆነ ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም ክሱ ሊቀርብ ይችላል። ሁለተኛው የወንጀል ክስ ነው፤ ተከሳሹ ዜግነቱን ከሕግ ውጭ ማግኘቱ ተረጋግጦ ከተፈረደበት ዜግነቱም አብሮ ይሰረዛል። በፍትሐ ብሔሩ በኩል የሚጠየቀው ማስረጃ ከተራ ክርክር እጅግ ይበልጣል። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1943 እ.ኤ.አ. በሽናይደርማን ጉዳይ ማስረጃው ግልጽ፣ የማያሻማና አሳማኝ መሆን እንዳለበት ወስኗል። ሽናይደርማን የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበር፤ ጊዜው የዓለም ጦርነት ቢሆንም ፍርድ ቤቱ በፖለቲካ አመለካከቱ ብቻ ዜግነቱ እንዳይነሣበት አድርጓል።

ይህ ሕግ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ ወደ አሜሪካ ተሰድዶ በአትላንታ ከተማ በአንድ ሆቴል ይሠራ ነበር። በእርሱ ትእዛዝ ከተሠቃዩት ሴቶች አንዷ እዚያው አይታ ለየችው። ሦስት ሴቶች ከስሰውት በ1993 እ.ኤ.አ. ፌዴራል ፍርድ ቤት ለሦስቱም በድምሩ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረደላቸው። የሚያስገርመው ነገር ፍርዱ ከተሰጠ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1995 እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካ ዜግነት ማግኘቱ ነው። ዜግነቱ የተነሣው በ2004 እ.ኤ.አ. ሲሆን በ2006 እ.ኤ.አ. በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ወደ ፈረደችበት ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። ሌላው ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁ ነው። በከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ ሆኖ እስረኞችን ያሠቃየ ሲሆን በሌላ ሰው ስም በስደተኝነት አሜሪካ ገብቶ ዜግነት አገኘ። በ2011 እ.ኤ.አ. በዴንቨር ከተማ አንድ የቀድሞ እስረኛ ለየው፤ ጥፋተኛ ተብሎ በ2014 እ.ኤ.አ. 22 ዓመት ሲፈረድበት ዜግነቱም ተሰረዘ።

እነዚህ ሁለት ጉዳዮች ማታለልን ምክንያት ማድረግ ለምን እንደሚያስፈልግ በግልጽ ያሳያሉ። የገራፊው ጎረቤት ሆኖ መኖር የተገራፊው ዕጣ እንዳይሆን የሚያደርግ ሌላ ሕግ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ነገር ግን ይኸው ምክንያት ወደ ጥቃቅን ስሕተት ከተለጠጠ በስደት የኖረ ማንኛውም ሰው ሥጋት ላይ ይወድቃል። የስደተኛ ፎርም የሚሞላው በአስተርጓሚ ነው፤ የልደት ቀን በግምት ይጻፋል፤ የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ብቻውን ብዙ ያዛባል። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማስለንጃክ ጉዳይ የወሰነው ለዚህ ሥጋት መልስ ነው። ከቦስኒያ የተሰደደችው ተከሳሽ ስለ ባሏ የጦርነት ጊዜ አገልግሎት ዋሽታ ነበር። ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ የያዘው አቋም እንዲህ የሚል ነው፤ ማንኛውም ውሸት ዜግነትን አያስነሣም፤ ዐቃቤ ሕጉ ውሸቱ ዜግነቱን በማስገኘት ረገድ ድርሻ እንደነበረው ማስረዳት አለበት። አፍሮ የተደበቀ ትንሽ ነገርና ተደብቆ ያለፈ ወንጀለኛ በአንድ ሚዛን እንዳይታዩ ይህ ውሳኔ አጥር ሠርቷል።

ሁለተኛው ምክንያት የሌላ ሀገር ዜግነት መያዝ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ከጥንቱ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በሐምሌ 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ከ70 ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረ ሲሆን፣ ዜግነት የሚጠፋባቸው ምክንያቶች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ ኢትዮጵያዊው የሌላ ሀገር ዜግነት ማግኘቱ ነው። ሁለተኛው ኢትዮጵያዊት ሴት የውጭ ሀገር ሰው አግብታ የባሏን ዜግነት ስታገኝ ነው። ሁለተኛው ሴትን የባሏ ጥገኛ የሚያደርግ ነበር፤ ወንዱ የውጭ ሴት ቢያገባ የሚያጣው ነገር አልነበረም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 33 ይህን አስቀርቶ ጋብቻ የወንድንም የሴትንም ዜግነት እንደማያስቀር ደንግጓል። በዚያው አንቀጽ ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንደማይገፈፍ ተጽፏል።

በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ይህን የሕገ መንግሥት ቃል ወደ ዝርዝር አውርዶታል። አንቀጽ 17 በማናቸውም የመንግሥት አካል ውሳኔ ዜግነት እንዳይገፈፍ ይከለክላል፤ ዜግነት የሚቀረው ሰውየው በአንቀጽ 19 መሠረት ራሱ ሲተው ወይም በአንቀጽ 20 መሠረት ሌላ ዜግነት ሲያገኝ ነው። በፈቃዱ የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ የአሜሪካ ዜግነት ሊቀበል እጁን አንሥቶ የሚምል ሰው በዚያው ሰዓት የኢትዮጵያ ዜግነቱ ያበቃል፤ አዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤት ምንም መወሰን አያስፈልገውም።

ጥያቄ የሚያስነሣው በውጭ ሀገር የሚወለዱት ልጆች ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የተወለደ የኢትዮጵያዊ ልጅ በትውልድ ኢትዮጵያዊ፣ በተወለደበት ምድር ደግሞ አሜሪካዊ ነው። አዋጁ ይህን ልጅ እስከ አካለ መጠን ድረስ እንደ ኢትዮጵያዊ ያየዋል። 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ግን በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ የአሜሪካ ዜግነቱን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ለመንግሥት ካላሳወቀ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ሕጉን የማያውቅ ወጣት ዝም ማለቱ ፈቃድ ተብሎ ይጻፍበታል። ሕገ መንግሥቱ ከፈቃድ ውጭ መግፈፍን ከከለከለ ዝምታን እንደ ፈቃድ የሚቆጥር አንቀጽ ከዚህ ክልከላ ጋር እንዴት እንደሚስማማ የሕግ ባለሙያዎች በቁም ነገር ሊመረምሩት የሚገባ ነው። የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው ኢትዮጵያዊነታቸው የቀረባቸውን ሰዎች ችግር ለማቃለል ነው። ካርዱን የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፤ ሆኖም አይመርጥም፣ አይመረጥም፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም አይቀጠርም።

ዩናይትድ ስቴትስ በዚህ ረገድ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዳለች። ቤይስ አፍሮይም በፖላንድ ተወልዶ በ1926 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ ሰው ነው። ወደ እስራኤል ሄዶ በ1951 እ.ኤ.አ. በተደረገው የፓርላማ ምርጫ ድምፅ በመስጠቱ ብቻ የአሜሪካ ዜግነቱ እንደቀረ ተነገረው። በጊዜው የነበረው ሕግ በውጭ ሀገር ምርጫ መሳተፍን ዜግነት የሚያሳጣ ምክንያት አድርጎ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1958 እ.ኤ.አ. ይህን ሕግ አጽድቆት ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. ግን በአምስት ለአራት ድምፅ ያንን ሽሮ፣ ምክር ቤቱ ከሰው ፈቃድ ውጭ ዜግነት የማንሣት ሥልጣን እንደሌለው ወሰነ። በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሰውየው ድርጊቱን መፈጸሙ ብቻ እንደማይበቃ፣ ዜግነቱን ለመተው ማሰቡም መረጋገጥ እንዳለበት ተጨመረ። ኢትዮጵያና አሜሪካ ሁለቱም ፈቃድ የሚለውን መሠረት ይይዛሉ። ልዩነታቸው ኢትዮጵያ ፈቃዱን ከድርጊቱ መገመቷ፣ አሜሪካ ደግሞ ማስረጃ መጠየቋ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ታማኝነትን ማጉደል ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. አልበርት ትሮፕ የተባለ አሜሪካዊ ወታደር ከካዛብላንካ የወታደር እስር ቤት ወጥቶ አንድ ቀን ሳይሞላው ተይዞ ተመለሰ። በኩብለላ ተፈርዶበት ከጦሩ ተባረረ። ከስምንት ዓመት በኋላ ፓስፖርት ሲጠይቅ ዜግነት የለህም ተባለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1958 እ.ኤ.አ. ዜግነትን እንደ ቅጣት ማንሣት በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ ጨካኝ ቅጣት ነው ብሎ ሽሮታል። ዋናውን አስተያየት የሰጡት ዳኞች አመለካከት እንዲህ የሚል ነበር፤ ወንጀለኛ ይታሰር፣ ይቀጣ፤ ዜግነቱን ማጣት ግን መብቶቹን ሁሉ የሚያስገኝለትን ሥር መቁረጥ ነው።

ብሪታንያ ግን ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተቃራኒው መንገድ ተጉዛለች። እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ድረስ ሚኒስትሩ ሊያነሣ የሚችለው አመልክቶ የተገኘ ዜግነትን ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ሥልጣኑ በትውልድ ብሪታንያዊ ወደሆነ ሰው ተስፋፋ፤ ሀገር አልባ እንዳይሆን በሚል ገደብ። በ2006 እ.ኤ.አ. መመዘኛው ላላ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ሚኒስትሩ ማንሣቱ ለሕዝብ ጥቅም ይበጃል ብሎ ካመነ በቂ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ አመልክቶ ዜጋ የሆነ ሰው የሌላ ሀገር ዜግነት ሊያገኝ ይችላል ተብሎ የሚታመንበት ምክንያት ካለ፣ ለጊዜው ሀገር አልባ ቢሆንም ዜግነቱ እንዲነሣ ተፈቀደ። የሥልጣኑ መስፋፋት በጠቅላላው በተለይ የሚነካው ስደተኞችንና ከስደተኛ ወላጆች የተወለዱትን ነው፤ ቅድመ አያቱ ሁሉ እንግሊዛዊ የሆነ ሰው የሚላክበት ሌላ ሀገር የለውም።

ለዚህ ምሳሌ የምትሆነው ሻሚማ ቤገም በ15 ዓመቷ ከምሥራቅ ለንደን ተነሥታ አይሲስ ወደ ያዘው የሶርያ ግዛት ሄደች። በየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. 19 ዓመቷ ሆኖ በአንድ የመጠለያ ካምፕ ስትገኝ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዜግነቷን አነሡ። ሕጋዊው መከራከሪያ ወላጆቿ ከባንግላዴሽ ስለመጡ በዚያ ሀገር ሕግ እስከ 21 ዓመቷ ባንግላዴሻዊት ናት፤ ስለዚህ ሀገር አልባ አትሆንም የሚል ነበር። የባንግላዴሽ መንግሥት ደግሞ አንቀበላትም አለ። እንዲህ ያሉ ይግባኞችን የሚያየው ልዩ ፍርድ ቤት በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ ሶርያ የሄደችው ለወሲብ ብዝበዛ ተደልላ ሊሆን እንደሚችል የሚያስጠረጥር ነገር እንዳለ ቢቀበልም ይግባኟን አልተቀበለም፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. አጸናው። በወረቀት ላይ ሁለት ዜግነት የነበራት ወጣት በተግባር አንድም የሚቀበላት ሀገር አጣች። ፈርዶ መቅጣት ሲቻል ዜግነትን አንሥቶ መገላገል ችግሩን ወደ ሌላ ሀገር ከመግፋት ሌላ የሚሠራው ሥራ የለም። በባሕሬንም በ2012 እ.ኤ.አ. 31 ሰዎች የሀገርን ደኅንነት ጎድተዋል ተብለው ዜግነታቸው መነሣቱ ይታወሳል፤ አብዛኞቹ የመንግሥት ተቃዋሚዎች ነበሩ።

እስከዚህ የተነገሩት ምክንያቶች ሁሉ፣ ጥሩም ይሁኑ መጥፎ፣ አንድ ሰው አደረገ ከሚባለው ነገር ይነሣሉ። ወደ ሁለተኛው ክፍል ስንሻገር ምክንያቱ ሰውየው ካደረገው ነገር ተነሥቶ ወደ ትውልዱ ይዛወራል። ናዚ ጀርመን በኅዳር 1941 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በውጭ ሀገር የሚኖር አይሁዳዊ ሁሉ ዜግነቱ ቀርቶ ንብረቱ ለመንግሥት እንዲሆን አደረገች። በባቡር ተጭኖ ከድንበር የወጣ ሰውም በውጭ ሀገር እንደሚኖር ተቆጠረ፤ መንግሥት ራሱ አስወጥቶ በመውጣቱ ቀጣው። ከላይ የተጠቀሰው የ1961 ስምምነት በአንቀጽ 9 ሰውን ወይም ወገንን በዘር፣ በጎሣ፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ ምክንያት ዜግነት መግፈፍን ያለ ምንም ልዩ ሁኔታ የሚከለክለው ይህ በዓለም ፊት ስለተፈጸመ ነው።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጉዳይ ከዚህ የተለየና ይበልጥ የተወሳሰበ ነው፤ ለዚህም ነው በጥሞና መታየት ያለበት። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ስለ ኤርትራ ነጻነት ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኤርትራውያንም ተሳትፈዋል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ድምፅ የሰጡት ከ57 ሺህ በላይ ነበሩ። ለመምረጥ የሚመዘገበው ሰው አስቀድሞ በወጣው የኤርትራ የዜግነት አዋጅ መሠረት ኤርትራዊ መሆኑን ማሳየት ነበረበት። ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት እነዚሁ ሰዎች በኢትዮጵያ ፓስፖርት ሲጓዙ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሠሩ፣ ሲነግዱ፣ በኢትዮጵያ ምርጫ ሲሳተፉ ኖሩ። በነሐሴ 1988 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት በሁለቱም ዜግነት የሚጠቀሙት ሰዎች አንዱን እንዲመርጡ መደረግ እንዳለበት ቢስማሙም አፈጻጸሙ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ምርጫው ሳይቀርብላቸው ጦርነት መጣ።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት የኤርትራ ተወላጆችን ማስወጣት ጀመረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በግምት 75 ሺህ ሰዎች ከኢትዮጵያ ወደ ኤርትራ እንደተወሰዱ ጽፏል። ሰዎች ሌሊት ከቤታቸው ተወስደው በአውቶቡስ ወደ ድንበር ተጓዙ፤ ባል ሲሄድ ሚስት የቀረችበት፣ ወላጅ ሲሄድ ልጅ የቀረበት ቤት ብዙ ነበር። በነሐሴ 1991 ዓ.ም. ደግሞ ሳይባረሩ የቀሩት የሕዝበ ውሳኔው ተሳታፊዎች እንደ ውጭ ሀገር ሰው እንዲመዘገቡ ተደረገ። በኤርትራም በኩል ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ታስረዋል፣ ተባርረዋል፤ ኤርትራም በዚህ ተጠያቂ ሆናለች፤ የእነርሱ ጉዳይ ግን የውጭ ሀገር ሰው አያያዝ እንጂ የዜግነት ጥያቄ አልነበረም።

የኢትዮጵያ መንግሥት መከራከሪያ የቆመው በ1922ቱ ሕግ ላይ ነበር። ሰዎቹ በሕዝበ ውሳኔው በመመዝገባቸው የሌላ ሀገር ዜግነት አግኝተዋል፤ የሌላ ሀገር ዜግነት ያገኘ ደግሞ ኢትዮጵያዊነቱ ቀርቷል የሚል ነው። ኤርትራ በበኩሏ ሰዎቹ ሲመዘገቡ ኤርትራ ገና መንግሥት አልነበረችም፤ ከዚያ በኋላም ኢትዮጵያ ለዓመታት እንደ ዜጋ ስትይዛቸው ኖራለች ብላ ተከራከረች። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው ስምምነት መሠረት የተቋቋመውና መቀመጫውን በሄግ ያደረገው የካሣ ጥያቄ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ፍርዱን ሰጠ። ኮሚሽኑ ሁለቱንም ወገን በከፊል ተቀበለ። ሰዎቹ የኤርትራ ዜግነት አግኝተዋል፤ ኢትዮጵያ ራሷ እንደ ዜጋ መያዟን ስለቀጠለች ኢትዮጵያዊነታቸውም አልቀረም፤ ስለዚህ ጥምር ዜጎች ነበሩ አለ።

ከዚህ በኋላ ኮሚሽኑ ሁሉንም በአንድ ላይ አልፈረደባቸውም፤ በየክፍላቸው ለየ። በጦርነት ጊዜ ለደኅንነት ያሰጋሉ ተብለው አንድ በአንድ ተለይተው የተባረሩትን ጥምር ዜጎች በተመለከተ፣ አሠራሩ የተቻኮለና የከበደ ቢሆንም ዜግነታቸው መነሣቱ ዘፈቀደ አይደለም ብሎ ወሰነ። ያለ ደኅንነት ምርመራ በድንበር አካባቢ ባለሥልጣኖች የተባረሩት፣ ጦርነቱ ሲመጣ በሦስተኛ ሀገር የነበሩት፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ ውስጥ ቀርተው እንደ ባዕድ የተመዘገቡት ዜግነት የተነሣው ግን በዘፈቀደና ከዓለም አቀፍ ሕግ ውጭ ነው አለ። ስለ መጨረሻዎቹ ኮሚሽኑ የሰጠው ምክንያት ሊስተዋል ይገባል። ሰዎቹ ሥጋት መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አልነበረም፤ ማን ልዩ ትኩረት እንደሚገባው የሚለይ ሥርዓት አልነበረም፤ አቤቱታ የሚሰማ አካልም አልነበረም።

ይህ ፍርድ ለሁሉም ሀገር የሚበጅ ትምህርት ይዟል። በሁሉም ክፍሎች ላይ የሠራው የሕግ ምክንያት አንድ ነው፤ የሌላ ሀገር ዜግነት መያዝ። የአንዱ ክፍል ሕጋዊ፣ የሌላው ክፍል ሕገ ወጥ የሆነው ምክንያቱ ስለተለያየ አይደለም። በአንዱ ሰው በስሙ ተጠርቶ ስለ ራሱ ተመርምሯል፤ በሌላው በዝርዝር ውስጥ ስሙ መኖሩ ብቻ በቅቷል። ኮሚሽኑ የመጀመሪያውን ክፍል መቀበሉ ራሱ ሊያከራክር ይችላል፤ በጥድፊያ የተደረገ ምርመራ ይበቃል ማለት ለጦርነት ጊዜ መንግሥታት ሰፊ በር ይከፍታል።

የመጨረሻው ክፍል ስለ ማስረጃ፣ ስለ ይግባኝና ስለ ዜግነት መመለስ ነው። የአንድ ሰው ዜግነት አጠያያቂ ሲሆን ማስረጃውን ማን ያቅርብ? በታንዛኒያ ይኖር የነበረው አኑዶ ኦቼንግ አኑዶ በ2012 እ.ኤ.አ. ፓስፖርቱ ተወሰደበት፤ ቆይቶም ታንዛኒያዊ አይደለህም ተብሎ ወደ ኬንያ ተባረረ። ኬንያ ደግሞ የእኛ ዜጋ አይደለም ብላ መለሰችው፤ ታንዛኒያ አላስገባችውምና በሁለቱ ድንበሮች መካከል ባለው መሬት ላይ ለመኖር ተገደደ። በአሩሻ የሚያስችለው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. የሰጠው ፍርድ ለአህጉሩ ትልቅ ነገር ነው። መንግሥት ራሱ በሰጠው ሰነድ እንደ ዜጋ የኖረን ሰው ዜጋ አይደለህም የሚል መንግሥት የማስረዳት ሸክሙን ራሱ ይሸከማል አለ። የልደት ምዝገባ ባልተስፋፋበት፣ የአያት የትውልድ መንደር በወረቀት በማይገኝበት አህጉር ሸክሙ በግለሰቡ ላይ ከወደቀ ብዙ ሰው ዜግነቱን ማረጋገጥ ያቅተዋል። ፍርድ ቤቱ ታንዛኒያ በትውልድ ዜጋ የሆነ ሰው ወደ ፍርድ ቤት አቤት የሚልበት መንገድ በሕጓ እንድታበጅም አዝዟል።

ያለ አግባብ የተነሣ ዜግነት እንዴት ይመለሳል? ጀርመን በ1949 እ.ኤ.አ. መሠረታዊ ሕጓ አንቀጽ 116 በናዚ ዘመን በፖለቲካ፣ በዘር ወይም በሃይማኖት ምክንያት ዜግነታቸው የተገፈፈ ሰዎችና ተወላጆቻቸው ሲያመለክቱ እንዲመለስላቸው ደንግጋለች፤ መብታቸው ነውና ባለሥልጣን በፈቃዱ ሊከለክላቸው አይችልም። በኢትዮጵያ ደግሞ በጥር 1996 ዓ.ም. አንድ መመሪያ ወጣ። ኤርትራ ነጻ ከመሆኗ በፊት ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በቋሚነት የኖሩና የኤርትራን ዜግነት ያልመረጡ ኤርትራውያን ኢትዮጵያዊነታቸውን እንደያዙ እንዲቆጠሩ፣ የኤርትራን ፓስፖርት ወይም ሰነድ የያዙት ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሰጣቸው አደረገ። ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነበር። መመሪያው ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ለቀሩት ነው፤ የተባረሩት በውስጡ የሉም። ለእነርሱ የቀረው መንገድ የአዋጁ አንቀጽ 22 ሲሆን፣ በዚያ መሠረት ዜግነቱ እንዲመለስለት የሚጠይቅ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሪያ መመሥረት፣ የያዘውን የሌላ ሀገር ዜግነት መተውና ማመልከት አለበት። ይህ አንቀጽ የተጻፈው በፈቃዱ ለቅቆ ለሄደና ልቡ ለተመለሰ ሰው ነው፤ ሳይጠየቁ በአውቶቡስ ለተወሰዱት ሰዎች የሚመጥን ሌላ ድንጋጌ በአዋጁ ውስጥ አልተጻፈም።